የማይክ ክንድ አመራረጥና አገጣጠም፦ ከሜትርና ከሚዛን እስከ መጨረሻው ብሎን

ማይኩ ቀስ እያለ ወደ ጠረጴዛው ይሰግዳል። ወይም ለቀቅ ሲያደርጉት ሽቅብ ተስፈንጥሮ የጠረጴዛውን መብራት ይመታል። ወይም ኪቦርድ በነካችሁ ቁጥር ቀረጻው ውስጥ «ዱም፣ ዱም» የሚል ድምፅ ይገባል። ስለ ማይክ ክንድ፣ ማለትም ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ታስሮ ማይክ ስለሚሸከመው ታጣፊ ዘንግ፣ የምጠየቀው ነገር ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ ሦስቱ አይወጣም። የሦስቱም መፍትሔ ደግሞ የሚጀምረው ክንዱ ሳይገዛ ነው። እኛ አገር የተገዛ ዕቃ መመለስ ብዙ ጊዜ የሚታሰብ አይደለም፤ ከውጭ በሰው ሻንጣ ያስመጣማ ለማን ሊመልስ ነው? ስለዚህ መጀመሪያ ሜትርና ሚዛን፣ ብር ከዚያ በኋላ።

እኔ የመጀመሪያውን ክንድ የገዛሁት በመልኩ ነው። ሻጩ «እስከ ሁለት ኪሎ ይሸከማል» አለኝ። የኔ ማይክ 300 ግራም እንኳ አትሞላም፤ ታዲያ ምን ያሳስበኛል ብዬ ይዤ ገባሁ። ክንዱ መሸከሙንስ ይሸከማል። ግን ሞላው ለከባድ ማይክ የተወጠረ ስለነበር የኔዋን ቀላል ማይክ ሽቅብ እየወረወረ አላስቀምጥ አለኝ። ሌላ እስካገኝ ድረስ አንገቱ ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ አንጠልጥዬ ስቀዳ ከረምኩ።

ደረጃ 1፦ ሳትገዙ በፊት ለኩ

የሚያስፈልገው ሜትር፣ ሚዛንና ወረቀት ነው። አራት ነገሮች ጻፉ።

ሀ. የማይኩ ክብደት። ማይኩን ብቻ ሳይሆን ክንዱ ጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ሁሉ አንድ ላይ መዝኑ፦ ሾክ ማውንቱን (ንዝረት እንዳይደርስበት ማይኩን አንጠልጥሎ የሚይዘውን)፣ ፖፕ ፊልተሩን (ከማይኩ ፊት ሆኖ ትንፋሽ የሚያበርደውን)፣ ከማይኩ የሚወርደውን የገመድ ቁራጭ። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌላችሁ የሰፈራችሁ ባለ ሱቅ ስኳር የሚመዝንበት ይበቃል። ለማነጻጸር ከታወቁት ማይኮች፦ ሹር ኤስኤም58 298 ግራም፣ ሹር ኤምቪ7 550 ግራም፣ ሹር ኤስኤም7ቢ 765 ግራም፣ ሮድ ፖድማይክ 937 ግራም ነው። ብሉ የቲ ያለ መቆሚያው 550 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከመቆሚያው ጋር መዝናችሁ «ኪሎ ተኩል ነው» ብላችሁ እንዳትሳሳቱ፤ መቆሚያው ለብቻው አንድ ኪሎ ነው፣ ክንዱ ላይም አይወጣም።

ለ. የጠረጴዛው ውፍረት። የምትለኩት ክንዱ የሚታሰርበትን ጠርዝ ነው። ብዙ ጠረጴዛ መሐሉ 2 ሴንቲ ሆኖ ጠርዙ ላይ በተጨማሪ እንጨት ይወፍራል። ከዚያ እጃችሁን ከሥር አስገብታችሁ ዳብሱ፦ መሳቢያ አለ? የብረት ፍሬም አለ? ከጠርዙ ወደ ውስጥ ቢያንስ 7 ሴንቲ ያህል ለጥ ያለ ቦታ ካላገኛችሁ ሞርሳው፣ ማለትም ጠረጴዛውን ነክሶ የሚይዘው ክፍል፣ መቀመጫ የለውም።

ሐ. ርቀት። በምትቀዱበት ወንበር ላይ በደንብ ተቀመጡ። ሌላ ሰው ሞርሳው ከሚታሰርበት ቦታ እስከ አፋችሁ ድረስ ይለካ። ባገኛችሁት ላይ ሩብ ያህል ጨምሩ። 60 ሴንቲ ከሆነ 75 የሚደርስ ክንድ ፈልጉ፤ ሙሉ በሙሉ የተዘረጋ ክንድ ይንቀጠቀጣል፣ ማስተካከያ ቦታም የለውም።

መ. ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው ክፍተት። ጠረጴዛው ግድግዳ ጥግ ከሆነ የክንዱ ክርን ወደ ኋላ ሲታጠፍ ግድግዳ ይገጫል። ወይ ጠረጴዛውን አንድ ስንዝር ሳብ አድርጉ፣ ወይ ሞርሳውን በጎን በኩል ለማሰር አስቡ።

ደረጃ 2፦ ምረጡ

ሳጥኑ ላይ መጀመሪያ የምትፈልጉት ቁጥር ትንሹ ክብደት ነው። ሰው ሁሉ ትልቁን ያያል። ሞላ ያለው ክንድ የሚሠራው በሁለት ቁጥሮች መካከል ነው፤ ከታችኛው ካነሰ ማይኩ ይነሳል፣ ከላይኛው ከበለጠ ይወድቃል። የሮድ ፒኤስኤ1 የሚባለው ክንድ ጥሩ ምሳሌ ነው፦ የተሠራው ከ700 ግራም እስከ 1.1 ኪሎ ላለው ማይክ ነው። ኤስኤም58 ብትሰቅሉበት በራሱ ፈቃድ ሽቅብ ይሄዳል። ከእሱ በኋላ የመጣው ፒኤስኤ1 ፕላስ ግን ከ94 ግራም እስከ 1.2 ኪሎ ይይዛል። ሳጥኑ ላይ ትንሹ ክብደት ካልተጻፈና ማይካችሁ ከግማሽ ኪሎ በታች ከሆነ አንድ መፍትሔ ብቻ አለ፦ ማይካችሁን በቦርሳ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ አስሰቅሉት። ሻጩ ቢነጫነጭም ይነጫነጭ።

በቅርጽ ሦስት ዓይነት ታገኛላችሁ። ሞላው በውጭ የሚታየው ርካሹ ነው፤ ሥራውን ይሠራል፣ ግን ሞላው እንደ ክራር ክር ይነዝራል፤ መድኃኒቱን በኋላ እነግራችኋለሁ። ሞላው በውስጥ የተሸፈነው ጸጥ ያለ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። ሦስተኛው ከጠረጴዛው ብዙም ሳይነሳ ዝቅ ብሎ በስክሪኑ ሥር የሚያልፈው ነው። ካሜራ ፊት የምትቀርቡ ከሆነ እኔ የምመርጥላችሁ ይኼኛውን ነው፤ ፊታችሁን አይጋርድም። ጠረጴዛችሁ በዕቃ የተሞላ ከሆነ ግን ተዉት፣ ኩባያውንም መጽሐፉንም እየጠረገ ነው የሚሄደው።

የብሎን ጥርስ። ሦስት መጠኖች አሉ፦ የማይክ ስታንድ የተለመደው 5/8 ኢንች (16 ሚሊ ሜትር ገደማ)፣ አውሮፓ ውስጥ የተለመደው 3/8 ኢንች (9.5 ሚሊ)፣ የካሜራ ትራይፖድ 1/4 ኢንች (6.35 ሚሊ)። የማይካችሁን ቀዳዳ ለኩና አዳፕተሩ ከክንዱ ጋር መምጣቱን አረጋግጡ። ከውጭ በሰው የምታስመጡ ከሆነ ከ3/8 ወደ 5/8 የሚቀይሩትን አዳፕተሮች አብራችሁ እዘዙ። ክንዱ ደርሶ በአንዲት ቁራጭ ብረት ምክንያት ሳምንታት መቀመጥ ያናድዳል።

የሞርሳውን አፍ ከጠረጴዛው ውፍረት ጋር ስታነጻጽሩ ደግሞ ደረጃ 3 ላይ የምትጨምሩትን ጣውላ አትርሱ። ብዙዎቹ ሞርሳዎች ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ነው የሚከፈቱት።

ደረጃ 3፦ ጠረጴዛውን አዘጋጁ

መስታወት ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ጣውላ ብታደርጉበትም፣ ላስቲክ ብታደርጉበትም መስታወት ላይ ሞርሳ አይታሰርም። መሬት የሚቆም ስታንድ ግዙ።

ቺፕውድ ወይም ኤምዲኤፍ ከሆነ ይቻላል፣ ግን ባዶውን አይነከስም። ስሌቱን እዩት፦ ማይኩና ሾክ ማውንቱ 900 ግራም ይሁኑ፣ ክንዱ 80 ሴንቲ ይዘርጋ፣ ሞርሳው ጠረጴዛውን 5 ሴንቲ ያህል ይንከስ። 80 ለ5 ሲካፈል 16 ነው፤ ስለዚህ 900 ግራሟ ሞርሳው ጋ ስትደርስ ከ14 ኪሎ በላይ ሆና ትጫናለች፣ የክንዱ የራሱ ክብደት ሳይቆጠር። ያ ሁሉ ጫና የሚያርፈው አምስት ሳንቲም በምታህል ክብ ብረት ላይ ነው። ቺፕውድ ይሰረጉዳል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠርዙ እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል።

ስለዚህ አናጢ ቤት ሄዳችሁ 10 በ10 ሴንቲ የሆኑ ሁለት የኮምፔንሳቶ ቁራጮች አስቆርጡ፤ ውፍረታቸው ከ6 እስከ 10 ሚሊ ይሁን። አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ይሆናል። ከጠረጴዛው ጋር በሚነካካው ገጽ ላይ ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ለጥፉበት። ጎማው እንዳይንሸራተት ይይዛል፤ ከኪቦርድ የሚመጣውንም ንዝረት ያበርዳል።

ውጭ አገር ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የኢኬያ ላክና ሊንሞን የሚባሉ ጠረጴዛዎች ሲታዩ ድፍን ይመስላሉ፤ ውስጣቸው ግን ባብዛኛው እንደ ማር እንጀራ የተሠራ ወረቀት ነው። ሞርሳ በቀጥታ ከተጠበቀባቸው ቀጭኑ ሽፋን ይሰምጣል። እነዚህ ላይ ጣውላው ሰፋ ብሎ 15 በ20 ሴንቲ ቢሆን ይሻላል፤ ቦታውም ድፍን እንጨት ወደሚገኝበት ወደ ጠርዙና ወደ እግሩ አካባቢ ይጠጋ።

ቦታውን ስትመርጡ ከማትጽፉበት እጅ ወገን ይሁን። ቀኝ እጃችሁ የሚሠራ ከሆነ ክንዱ ከግራ ይምጣ፤ አለዚያ ማውሱን በያዛችሁ ቁጥር በክርናችሁ ትገጩታላችሁ። ቺፕውድ ከሆነ ከማዕዘኑ አንድ ጋት ያህል ራቁ።

ደረጃ 4፦ ሞርሳውን እሰሩ

1. ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ዘይትና አቧራ ካለ ይንሸራተታል።
2. የላይኛውን ጣውላ አስቀምጡ፣ ሞርሳውን እስከ ጥግ ድረስ ግፉት። የሞርሳው ጀርባ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ይጋጠም፤ በመሐል ክፍተት አይኑር።
3. የታችኛውን ጣውላ በአንድ እጅ ይዛችሁ ብሎኑን በጣት አጥብቁ።
4. በጣት አልዞርም ሲል ሩብ ዙር ጨምሩ፤ ከዚያ አቁሙ። ፒንሳ አምጥቶ ማጥበቅ ጠረጴዛ ከመስበር በቀር ትርፍ የለውም።
5. የሞርሳውን አናት ይዛችሁ ወደ አራቱም አቅጣጫ ነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰ ሩብ ዙር ጨምሩ።
6. በማግስቱ እንደገና አጥብቁ። እንጨት በአንድ ሌሊት ትንሽ ይጨመቃል፤ ይህን ሰው ሁሉ ይረሳዋል።

ደረጃ 5፦ ክንዱን ትከሉ

ማስጠንቀቂያ፦ አዲስ ክንድ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ታስሮ ነው የሚመጣው። ማሰሪያውን ዝም ብላችሁ አትቁረጡ። ሞላው ተወጥሮ ስለሆነ ክንዱ ተፈንጥሮ አገጭ ወይም ዓይን ይመታል። ሁለቱን ክፍሎች በአንድ እጅ ጨብጣችሁ፣ ፊታችሁን ዞር አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ ቀስ እያላችሁ ልቀቁት። ሞላው አጠገብ ጣት አይግባ፤ ልጆችም ይራቁ።

የክንዱን ዘንግ ሞርሳው ላይ ባለው ቀዳዳ እስከ መጨረሻ አስገቡ። በጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን ክንዱ በእጅ ሲገፋ እንዲዞር፣ በራሱ ግን እንዳይዞር አድርጋችሁ አጥብቋት።

ክንዱ ገመድ የሚያልፍበት ቦይ ካለው ገመዱን አሁን ዘርጉ። አትሰሩት፤ ማሰር ደረጃ 8 ላይ ነው።

ደረጃ 6፦ ማይኩን ግጠሙ

ክንዱን ወደ ታች ጎትታችሁ አትግጠሙ። ባዶ ክንድ ሽቅብ እንደቆመ ሞላው የላላ ነው፤ ተነስታችሁ እዚያው ከፍታው ላይ ግጠሙት። ረዳት ካለ ክንዱን እሱ ይያዝ።

አዳፕተሩ መጀመሪያ ማይኩ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ጥርሱ ተሳስቶ እንዳይገባ መጀመሪያ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ መፍቻው አዙሩት፤ «ቀጭ» የምትል ትንሽ መውደቅ በጣታችሁ ሲሰማችሁ ወደ ቀኝ አዙሩ። ሁለት ዙር ያለ ጉልበት ካልገባ አውጡትና እንደገና ጀምሩ። በጉልበት የገባ ጥርስ ዳግመኛ አይስተካከልም። አዳፕተሩ አናቱ ላይ ስንጥቅ ካለው የአንድ ብር ሳንቲም አስገብታችሁ መጨረስ ትችላላችሁ።

ከተቻለ ማይኩን ሳይሆን የክንዱን ጫፍ አዙሩ፤ ማይኩን ስታዞሩ ገመዱ አብሮ ይጠማዘዛል። ብሉ የቲ ያላችሁ ደግሞ ገመዱ የሚሰካው ከሥሩ፣ ከብሎኑ ቀዳዳ አጠገብ ስለሆነ ሳታጠብቁ በፊት ሰክታችሁ ሞክሩት።

አሁን ማይኩን አትልቀቁት። አንድ እጅ ከሥሩ ይሁን።

ደረጃ 7፦ ሚዛኑን አስተካክሉ

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። ክንዱ መገጣጠሚያዎች ላይ ያሉት ማጥበቂያዎች ሥራቸው ፍሬን መሆን ነው። ክብደቱን መያዝ ያለበት ሞላው ነው። ማይኩ ወደቀ ተብሎ ማጥበቂያውን ማነቅ፣ ቁልቁለት ላይ የቆመ መኪናን በእጅ ፍሬን ብቻ ለዓመት እንደማቆም ነው፤ ፕላስቲኩ አንድ ቀን ተበልቶ ያልቃል።

1. ሁለቱንም ማጥበቂያ አላሉ። እጃችሁ ከማይኩ ሥር ይቆይ።
2. ክንዱን በምትቀዱበት ከፍታ ላይ አድርጋችሁ እጃችሁን አንድ ሴንቲ ብቻ ዝቅ አድርጉ። ምን ያደርጋል?
3. ከቆመ ጨርሳችኋል። ማጥበቂያዎቹን ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ።
4. ቀስ ብሎ ከወረደ የሞላ መወጠሪያ ብሎን ካለው ግማሽ ግማሽ ዙር እያጠበቃችሁ ሞክሩ። መወጠሪያ ከሌለው የምታወርዱትን ክብደት ፈልጉ፤ ከባድ የብረት ፖፕ ፊልተርን በስፖንጅ ሽፋን መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል።
5. ከተነሳ መወጠሪያውን አላሉ። መወጠሪያ ከሌለው ክብደት ጨምሩ። ሾክ ማውንት መጨመር ሁለት ጥቅም አለው፤ ክብደትም ይሆናል፣ ንዝረትም ያቆማል። ሞላ ነቅሎ ለማቅለል አትሞክሩ። የተወጠረ ሞላ ሲያመልጥ ምን እንደሚያደርግ መካኒክ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ቦታውን ያዙና ገመዱን እሰሩ

መጀመሪያ ማይካችሁ ከየት በኩል እንደሚሰማ እወቁ። ኤስኤም7ቢና ፖድማይክ በአናታቸው ነው የሚሰሙት፤ ብሉ የቲ ግን በጎኑ፣ አርማው ባለበት በኩል። የቲን እንደ አይስክሬም አናቱን ወደ አፉ አዙሮ የሚቀዳ ሰው እስከ ዛሬ አያለሁ፤ ከዚያ «ድምፄ ከጉድጓድ የወጣ ይመስላል» ይላል።

ዳይናሚክ ማይክ (እንደ ኤስኤም7ቢ ያለው) ከሆነ ከአፋችሁ አንድ ጋት፣ ኮንደንሰር (እንደ ብሉ የቲ ያለው) ከሆነ አንድ ስንዝር ገደማ ይራቅ። ፊት ለፊት አይሁን፤ ከአፋችሁ ጥግ በኩል ሰያፍ መጥቶ ወደ አፋችሁ ይመልከት። ትንፋሻችሁ በጎኑ ያልፋል፣ ድምፃችሁ ግን ይገባል።

አሁን ገመዱ። ክንዱን ሙሉ በሙሉ ዘርጉት፣ ከዚያ አጣጥፉት፤ ሁለቱንም ጊዜ መገጣጠሚያዎቹ ጋ ምን ያህል ገመድ እንደሚፈልጉ እዩ። በየክርኑ ሦስት ጣት የምታስገባ ላላ ያለች ቀለበት ተዉ። ማሰሪያው ቬልክሮ ይሁን፤ ሞላው ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ ይታሰር። የዩኤስቢ ገመድ ካጠራችሁ እስከ 5 ሜትር ድረስ ተራ ገመድ ይበቃችኋል፤ ማጉያ የሌለው ገመድ ከዚያ በላይ ከረዘመ የማይኩ ግንኙነት ሊቆራረጥ ይችላል። ገመዱ ከቻርጀር ጋር ጎን ለጎን አይተኛ።

ደረጃ 9፦ ቅዱና ስሙ

ግማሽ ደቂቃ ቅዱ። መጀመሪያ ዝም በሉ፣ ከዚያ ኪቦርድ ምቱ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በጣት ኳ ኳ አድርጉ፣ በመጨረሻ ተናገሩ። የእንግሊዝኛ መመሪያዎች በ«ፒ» ፊደል ሞክሩ ይላሉ፤ በእኛ ቋንቋ ግን ፐ የሚመጣው ባብዛኛው በውሰት ቃል ነው። እናንተ ፐን፣ በን እና ፈን አደባልቃችሁ ሞክሩ፦ «ፖሊሱ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ፈንጠር ብሎ ፓፓያ በላ»። ማይኩ ከተነፋበት ሰያፉን ጨምሩ። ቀጥሎ «ጥቁር ቆጥ ላይ ጨለማ» በሉ። ጠ፣ ቀ እና ጨ ጆሮ የሚነክሱ ከሆነ ችግሩ ትንፋሽ አይደለም፣ በጣም ቀርባችኋል፤ ሁለት ጣት ራቁ። የምትሰሙት በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ የላፕቶፕ ስፒከር ጎርናናውን ድምፅ አይነግራችሁም።

ሲበላሽ

ኪቦርዱ አሁንም ይሰማል። ከጠረጴዛው ወደ ሞርሳው የሚሄድ ንዝረት ነው። የጎማው ቁራጭ መኖሩን እዩ፣ ኪቦርዱ ሥር ወፍራም ጨርቅ አንጥፉ፣ ማይኩ ላይ ወይም ሶፍትዌሩ ላይ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጠውን ማጣሪያ አብሩ። ሾክ ማውንት ከሌላችሁ ከዚህ በኋላ ነው የምትገዙት።

ክንዱ ሲነካ «ዥንንን» ይላል። በውጭ ያለው ሞላ ነው። ከፍራሽ ስፖንጅ እንደ እርሳስ ቀጭን ቁራጭ ቁረጡና ክንዱን ወደ ታች ጎትታችሁ ሞላው ሲከፈት መሐሉ አስገቡ፤ አንዳችሁ ክንዱን አጥብቃችሁ ያዙ፣ አንዳችሁ በእርሳስ ጫፍ ግፉ፣ በጣት አይሁን። ንዝረቱ ወዲያው ይሞታል።

ሞርሳው ይዞራል። ክንዱ በዞረ ቁጥር ሞርሳው አብሮ ከተንሸራተተ ብሎኑን አታጥብቁ፤ መጀመሪያ የክንዱን ዘንግ የያዘችውን የጎን ብሎን አላሉ። እሷ ስትጠብቅ ነው የሚጎትተው።

የማይኩ አንገት ይሰግዳል። ክንዱ ቆሞ ማይኩ ብቻ ካጎነበሰ የጫፉ መገጣጠሚያ ነው። ፈትታችሁ እዩ፤ በሁለቱ ብረቶች መሐል የነበረችው ቀጭን ዋሸር ስትገጥሙ ወድቃ ይሆናል። ከጠፋች ከውስጥ ጎማው ቁራጭ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡና ተኩ።

አዳፕተሩ ማይኩ ውስጥ ቀረ። በፒንሳ አትቆንጥጡት። ሳንቲም ስንጥቁ ውስጥ አስገብታችሁ ማይኩን በጨርቅ ይዛችሁ ወደ ግራ አዙሩ። ስንጥቅ ከሌለው የክንዱን ጫፍ እንደገና እስከ መጨረሻ አጥብቃችሁ በድንገት ወደ ግራ ነጠቅ አድርጉት፤ ብዙ ጊዜ አብሮ ይወጣል።

ከሳምንታት በኋላ መውረድ ጀመረ። ማጥበቂያውን ከመንካታችሁ በፊት እንዴት እንደምታንቀሳቅሱት አስተውሉ። ማይኩን ይዞ የሚጎትት ሰው የጫፉን ብሎን በየቀኑ ያላላል። ክንዱን ክርኑ ላይ ያዙና ግፉት፤ ማይኩን የምትነኩት አቅጣጫውን ለማስተካከል ብቻ ይሁን። ክንዱ የሚያልፍበት መንገድ ላይም ቡና አታስቀምጡ።